በልብ ላይ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ የስትሮክ መንስኤ አይደለም

የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አሪየል ሻሮን እ.ኤ.አ ዲሴምበር 18 ቀን 2005 ቀላል በተባለ ስትሮክ ሆስፒታል መግባታቸው ይታወሳል። ሐኪሞቻቸው በተደረገላቸው የልብ ምርመራ በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ በማግኘታቸው፣ ቀዳዳውን በካቴተር ለመዝጋት ለጃንዋሪ 5 ቀን 2006 ቀጠሮ ያዙ፤ እስከዚያውም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሰጧቸው። በቀጠሮው ዋዜማ ግን የ77 ዓመቱ መሪ አንጎላቸው ውስጥ ከባድ የደም መፍሰስ ደረሰባቸው። እ.ኤ.አ በ2014 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ሙሉ ንቃታቸው አልተመለሰም።

መድኃኒቱ ለደም መፍሰሱ የነበረው ድርሻ ሐኪሞችን ብዙ አከራክሯል። ዋናው ጥያቄ ግን በምርመራ የታየ ጉድለት የሕመሙ መንስኤ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

ከዚህ ዓይነት ቀዳዳዎች እጅግ የተለመደው ከጽንስነት ጊዜ የሚቀረው ነው። ጽንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል የሚሻገርበት መተላለፊያ አለው። መተላለፊያው ከልደት በኋላ የሚዘጋ ቢሆንም፣ ከአራት ጎልማሶች በአንዱ ያህል ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ አብዛኞቹም መኖሩን ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። አልፎ አልፎ ግን ከእግር ደም ሥር የተነሣ የረጋ ደም በዚሁ ተሻግሮ አንጎል ሊደርስ ይችላል።

የተለመደው የደረት ኢኮ ቀዳዳውን ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ጥቃቅን አረፋ ያለው የጨው ውኃ በክንድ ደም ሥር ይሰጥና ታማሚው ትንፋሹን አምቆ እንዲያምጥ ይደረጋል። በሳንባ ሊቀር የሚገባው አረፋ ወዲያው በግራ በኩል ከታየ መተላለፊያ አለ ማለት ነው። በምግብ ቧንቧ የሚገባው የኢኮ መሣሪያ ደግሞ የቀዳዳውን ስፋትና የግድግዳውን መርገብገብ ያሳያል።

እነዚህ ዝርዝሮች ውሳኔውን ይለውጣሉ። እ.ኤ.አ በ2012 እና በ2013 የታተሙ ሦስት ጥናቶች ቀዳዳውን መዝጋት የሚሰጠውን ጥቅም በማያሻማ ሁኔታ አላረጋገጡም ነበር። በ2017 የታተመው በፈረንሳይ የተመራ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 60 የሆነ፣ ቀዳዳቸው ብዙ ደም የሚያሻግር ወይም ግድግዳቸው የሚርገበገብ ሕሙማንን ለይቶ መረጠ። እንዲዘጋላቸው ከተመደቡት 238 ሰዎች አንድም በስትሮክ የተጠቃ አልነበረም፤ አስፕሪንና መሰል መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 235 ግን 14ቱ ተጠቅተዋል። በአንጻሩ መዝጋቱ የልብ ምት መዛባትን አብዝቷል።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ባለበት አረጋዊ ላይ ቀዳዳ ተገኘ ብሎ ሌላ ፍለጋን ማቆም ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም በተስፋፋባት አገራችን ደግሞ በወጣት ላይ ለሚደርስ ስትሮክ ቀድሞ መታየት ያለበት የቫልቭ ጉዳት ነው፤ ለዚህም የደረት ኢኮ ብቻውን ብዙ ይሠራል።