በ0.21 የተነሳ ያስቀየምኩት ወንድሜ

ሁሌ የሰው ጉድ እያወራሁ እስከ መቼ! ዛሬ ደግሞ የራሴን ላጫውታችሁ።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። አምና ለገና ሊመጣ ሲል «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ብሎ ደወለልኝ። ሌላው ጫማ ይላል፣ ስልክ ይላል። እኔ ግን የሰፈራችን ልጅ በሪሞት የሚነዳት የባትሪ መኪና አንጀቴን አቃጥላው ስለነበር «ጋሼ፣ የሪሞት መኪና! የባትሪ ግን እንዳይሆን። በነዳጅ የሚሄድ፣ ሞተሩ ትልቅ የሆነ!» አልኩት። በሃያ ስምንት ዓመቴ! ሳቁብኝ፣ ግዴለም።

ካርቶኑን ሲያስረክበኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ሆዬ ሞተሩ ላይ 0.21 የሚል ቁጥር ሳይ ቀዘቀዝኩ። የፈረስ ጉልበቱ መስሎኝ «ጋሼ፣ አንድ እንኳን አትሞላም እንዴ?» አልኩት። ወንድሜ ምንም አልመለሰልኝም። ዝም ብሎ የእናታችንን ዕቃ መፍታት ቀጠለ። በሁለት ሥራ ደፋ ቀና የሚል ሰው ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው እየጠየቅሁ የገባኝ። ለካ 0.21 የሞተሩ መጠን በኩቢክ ኢንች ነው! 1 ኩቢክ ኢንች 16.4 ሲሲ ገደማ ስለሆነ፣ በእኛ አነጋገር 3.5 ሲሲ ያህል ይሆናል። ከእውነተኛ መኪና 8 ጊዜ ባነሱት የውድድር መኪኖች ላይ የሚገጠመው ይኸው ነው። 0.12 የሚባለው ደግሞ 2 ሲሲ ገደማ ሲሆን 10 ጊዜ ላነሱት ይሆናል።

«3.5 ሲሲ ምን ሊፈይድ? የሐኪም መርፌ አይሞላ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን አስሉት። የድሮዋ 1300 ቮልስ 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ስለዚህ ለ1 የፈረስ ጉልበት 32 ሲሲ ያህል ትፈልጋለች። ብዙዎቹ የ0.21 የውድድር ሞተሮች ግን ከ2 የፈረስ ጉልበት በላይ ይጻፍላቸዋል። ምስጢሩ ዙሩ ላይ ነው። ቮልስ ሙሉ ጉልበቷን የምትሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ስትደርስ ነው። ይህ ጉደኛ ግን ከ30,000 በላይ ይዞራል። በዚያ ላይ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ በየዙሩ ያቃጥላል፤ የቮልስ ሲሊንደር ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። መጠን ሌላ፣ ጉልበት ሌላ ማለት ይኸው ነው።

«ታዲያ ነዳሃት?» አልነዳኋትም! ነዳጇ የሜታኖል፣ የናይትሮሜቴንና የዘይት ቅልቅል ነው። ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ከባለ ሞተር ሳይክል ጎረቤቴ ቤንዚን ለምኜ ሞላሁባት። ገመዷን ስስብ ስስብ እጄ ተላጠ እንጂ ወይ ፍንክች! የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የላትም። በባትሪ የሚግል ሽቦ ነው ያላት፤ ባትሪው ከተነሳ በኋላም ሽቦው እንደጋለ እንዲቆይ የሚያደርገው ሜታኖሉ ነው። ቤንዚን ያንን ሥራ አይሠራም።

የናቅኳት የባትሪ መኪናስ? እሷም የራሷ ቁጥር አላት። ሞተሯ ላይ 540 ቢባል የቅርፊቱን መጠን እንጂ ጉልበቱን አይነግርም። «ኬቪ» የሚለውም ኪሎ ቮልት እንዳይመስላችሁ፤ ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በ1 ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው የሚናገረው። 3,000 ኬቪ ሞተር በ7.4 ቮልት ባትሪ 22,200 ዙር ይላል ማለት ነው። የሚወስደውን ኃይል ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር አባዙት። 7.4 ቮልት በ50 አምፔር 370 ዋት ነው። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ፣ ግማሽ ፈረስ መሆኑ ነው። ጫና ካልበዛባት በቀር ይህ ለአንዲት ትንሽ መኪና መች አነሰ?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲላችሁ «ትልቅ ሞተር» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ «ምን ትበላለች? የምትበላውስ እዚህ ይገኛል?» በሉ። ቀጥሎ መኪናዋ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰች ጠይቁ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይድረሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልገባችሁን ቁጥር ይዛችሁ የሰው ፊት አታጥቁሩ!

በቀደም ለወንድሜ ደወልኩና «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ 0.21 ገብቶኛል» አልኩት። ሳቀ። ለካስ ሻጩን እየጠየቀ ሦስት ቅዳሜ ሱቅ ተመላልሶ ኖሯል። መኪናዋ እስካሁን ቡፌው ላይ፣ ከእናቴ ዳንቴል በላይ ቁጭ ብላለች። ለዘንድሮ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «አንተ ብቻ ና» አልኩት።

ሳምንት በሌላ ጉድ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!