ቴሌቪዥን የሚቀርፀውን መሣሪያ እንግዛ ወይስ እንተወው?

በፈረቃ የምትሠራ ወይም ማታ ማታ ከማድ ቤት የማትወጣ እናት ከቴሌቪዥን ጋር ያላት ቅያሜ የታወቀ ነው። ደህና ፕሮግራም የሚመጣው ወጡ እሳት ላይ ባለበት፣ እሷ የታክሲ ሰልፍ ላይ በቆመችበት ወይም ተረኛ ሆና በምታድርበት ሰዓት ነው። ቤት ስትገባ ልጆቹ ታሪኩን ይነግሯታል፤ እሱም ግማሹን ረስተውት፣ በግማሹ ተጣልተውበት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ይህንኑ ጉዳይ ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። ነርስ ናት፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ሥራ ቦታ ታድራለች። ዕቁቧ ሊደርሳት ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። «እትዬ፣ ቴሌቪዥን የሚቀርፅ መሣሪያ ልገዛ አስቤአለሁ፤ ባለቤቴ ግን ቅንጦት ነው ይላል። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ከባለቤቷ ጋር ነበርኩ። ጠጋ ብዬ ስጠይቃት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ሁለቱ ማክሰኞ ማታ የሚተላለፍ አንድ ተከታታይ ድራማ አብረው ያዩ ነበር። ልጅቷ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ፊት ለፊት ብትጠየቅ የማትናገረውን ሁሉ የምታወራው በድራማው ሰበብ ነበር። እናቲቱ ተረኛ የምትሆንባቸው ማክሰኞዎች ሲበዙ ልጅቷ ብቻዋን ማየት ለመደች፤ ቆይቶም ለእናቷ መንገሩን ተወችው። «የቀረብኝ እኮ ድራማው አይደለም» ስትለኝ ነገሩን በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። በሌላ በኩል ደግሞ ያንኑ የዕቁብ ገንዘብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቀው ነበር።

እንግዲህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚሠራ መረዳት ይገባል። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያመለጠ ፕሮግራም አመለጠ ነበር። ኋላ ዴክ መጣና ቢያንስ የሠርጋችንን ካሴት ደጋግመን ለማየት አበቃን፤ ፕሮግራም ለመቅረፅ የተጠቀመበት ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። ዴክ በማምረት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቁሟል። አዲሱ ዲጂታል መቅረጫ እ.ኤ.አ. በ1999 ቲቮ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ያመጣው ለውጥ ካሴቱን በኮምፒዩተር ዲስክ መተካቱ ነው። በዚህም የተነሣ ፕሮግራሙ እየተቀረፀ ሳለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማየት ተቻለ። ሕፃን ቢያለቅስ ወይም እንግዳ በር ቢያንኳኳ በቀጥታ የሚተላለፈውን ሥርጭት አቁሞ ኋላ ካቆሙበት መቀጠልም ተቻለ። ለእናት ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

በእኛ ከተሞች ይህ አገልግሎት በተለያየ መልክ ይገኛል። ውዱ በወርኃዊ ክፍያ ከሚታዩ ጣቢያዎች ጋር የሚመጣው፣ ሰፊ ዲስክ በውስጡ ያለው ዲኮደር ነው። የደቡብ አፍሪካው ዲኤስቲቪ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ኤክስፕሎራ የተባለው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ርካሹ ግን ምናልባት አሁን በእርስዎ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ተራ የዲሽ ሪሲቨር ነው። ብዙዎቹ ከፊታቸው ወይም ከጀርባቸው የፍላሽ መሰኪያ አላቸው፤ ፍላሽ ሲሰካላቸውም ይቀርፃሉ። አንዳንዶቹ መሰኪያው ቢኖራቸውም ፊልም ለማጫወት ብቻ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሪሞቱን ይመልከቱ፤ ቀይ ክብ ምልክት ወይም መቅረፅን የሚያመለክት ቁልፍ ካለው ተስፋ አለ። እርግጡን ለማወቅ ግን ፍላሽ ሰክቶ መሞከር ነው።

ጎረቤቴ ቤት ሄደን ሪሲቨሩን አዞርነው፤ መሰኪያው አለ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ተሰክቶበት አያውቅም።

የፍላሹ መጠን ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እንደ ምስሉ ጥራት ከ1 እስከ 3 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በዚህ ስሌት ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ቢያንስ አሥር ሰዓት ይቀርፃል ማለት ነው። ለሳምንት አንድ ድራማና አንድ የልጆች ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው። ትልቅ ሀርድ ዲስክ ሻጭ ሲያወድስልዎ ይስሙት እንጂ አይቸኩሉ፤ የአንዳንድ ሪሲቨሮች መሰኪያ ትልቁን ዲስክ የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም።

እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሪሲቨሩ አዲስ ፍላሽ ሲሰካለት አንዳንድ ጊዜ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ቤት ይህንኑ ስሞክር ጥያቄውን ሳላነብ እሺ አልኩት። ፎርማት ማድረግ ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። በዚያ ፍላሽ ላይ የእናቴ ተዝካር ዕለት የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ። ግማሾቹን እኅቴ ስልክ ላይ አገኘኋቸው፤ ግማሾቹ ቀሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ለመቅረጫ የሚሆነው ፍላሽ ባዶና ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ማክሰኞ የሥራ ተራዋ ነበርና ሰዓቱን ሞልታ ሄደች። ድራማው የሚጀምረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ስለሆነ 02:30 ብላ ሞላችው። በማግሥቱ ስትከፍተው የተቀረፀው የሌሊት ዘፈንና ማስታወቂያ ሆኖ አገኘችው! ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፤ ለእሱ 02:30 ማለት የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ የቀን ፕሮግራም ሲሆን በእኛ ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፤ የቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ይሆናል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ላለው ደግሞ 18 ይደምሩ፤ የምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል 20:30 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ የአገራችን የሰዓት ክልል ፕላስ 3 ሆኖ መሞላቱን ያረጋግጡ፤ እሱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ይሳሳታል። ፕሮግራሞቻችን በተባለው ደቂቃ ስለማይጀምሩም መጨረሻው ላይ ሃያ ደቂቃ ይጨምሩ።

በሁለተኛው ማክሰኞ መብራት ጠፋ። ለዚህ መፍትሔ የለኝም። መብራት ከሌለ ውዱም ርካሹም መቅረጫ አይቀርፅም፤ ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሌላው ደግሞ ከቤት ስንወጣ ሶኬት የመንቀል ልማዳችን ነው። በሞሉለት ሰዓት እንዲነሣ ሪሲቨሩ በሪሞት ብቻ ጠፍቶ ከመብራቱ ጋር እንደተገናኘ መቆየት ይኖርበታል። 15 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ቀንና ሌሊት ቢበራ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቆጥራል፤ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ አብሮ የሚመጣው ጉልበት ነውና ስታቢላይዘር ካለዎት በእሱ በኩል ይሰኩት።

የባለቤቷ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነበር። «ድራማው ሲቀረፅ እኔ ኳስ ላይ ልዘጋ ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በብዙ ቤት ጠብ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ተራ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሞገድ መሥመር ብቻ ነው። ከሳተላይት የሚመጡት ጣቢያዎች ግን በአንድ መሥመር ላይ ብዙ ሆነው ስለሚጫኑ፣ የሚቀረፀውና የሚታየው ጣቢያ በአንድ መሥመር ላይ ከሆኑ ሁለቱም ይሆናል። በተለያየ መሥመር ላይ ከሆኑ ግን አንዱ መቅረቱ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ የሚችለው ሁለት መቀበያ ያለው መሣሪያ ነው፤ ለእሱም ብዙውን ጊዜ ከዲሹ ሁለተኛ ገመድ መሳብና ኤል.ኤን.ቢ. መለወጥ ያስፈልጋል። ለባለሙያ የሚከፈለውን ሳይጨምሩ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ የሚያሰሉ ቤተሰቦች ኋላ ይደነግጣሉ።

በእኔ ግምት ውዱ መቅረጫ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን ባለበት፣ ብዙ ሰው በሚኖርበትና አስቀድሞም ወርኃዊ ክፍያ በሚከፈልበት ቤት። ወርኃዊ ክፍያውን አንዳንድ ወር የምንዘል ከሆነ ግን መተው ይሻላል። በክፍያ ከሚታዩ ጣቢያዎች የተቀረፀ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በዚያው መሣሪያ ላይ ብቻ የሚከፈት ነው፤ በፍላሽ ገልብጦ ለእኅት ቤት መውሰድ አይቻልም። ሲገዙም «አገልግሎቱን ባቋርጥ የቀረፅኩትን ማየት እችላለሁ ወይ? ለመቅረጫው በየወሩ የተለየ ክፍያ አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ምን መቅረፅ ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። በከፊል ትክክል ናቸው። ብዙ የአገራችን ጣቢያዎች ድራማዎቻቸውን እዚያ ያወጣሉ፤ በድጋሚም ያስተላልፋሉ። ቤቷ ዋይፋይ ያላት እናት ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልጋትም። ግን የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይበላልና በስልክ ጥቅል የምትጠቀም ሴት ወሩን አስልታ ከፍላሹ ዋጋ ጋር ታወዳድረው። ደግሞም በስልክ የሚያይ ሰው ብቻውን ነው የሚያየው። ጎረቤቴ ስልኳ ላይ ማየት ትችል ነበር፤ የፈለገችው ግን ያንን አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የታዘብኩት ቀርፆ አለማየትን ነው። መቅረፅ የጀመረ ሰው ሁሉን መቅረፅ ይፈልጋል። እኔ ራሴ አንድ ወር ውስጥ አሥራ አራት ፕሮግራም አጠራቅሜ ሦስቱን ብቻ አየሁ። አንድ ልዩ ጥቅም ግን አላየሁም አልልም። በማግሥቱ ትምህርት ያለበት ልጅ «ነገ ታየዋለህ» ሲባል በጊዜው ይተኛል፤ ያለ ለቅሶ ባይሆንም።

በሦስተኛው ማክሰኞ መብራቱም ሰዓቱም ተስማሙ። ነርሷ ሌሊት ሠርታ ገብታ እስከ ቀትር ተኛች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡና ተፈልቶ ጠበቃት። ልጅቷ ድራማውን ማታውኑ አይታዋለች። ቢሆንም ሪሞቱን ከእናቷ ቀምታ እየመለሰችና እያቆመች «ይቺን ተመልከቻት፣ ልክ እንደኛ ክፍሏ ልጅ!» እያለች የአርባ ደቂቃውን ድራማ አንድ ሰዓት ከሩብ አስፈጀችው።

ዕቁቡ ሲደርስ ለትምህርት ቤቱ ተከፈለ፤ ከመርካቶ የተገዛው ፍላሽና አንድ ስታቢላይዘር ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ባለቤቷ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ በሬን አንኳኳ። የኳሱ ጨዋታ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ለቅሶ ቤት መድረስ አለበት። 6 ደምር አልኩት።