ስለ በረራ ሰዓት አቈጣጠር

ልጁ የአይሮፕላን አብራሪነት ትምህርት የጀመረለት አባት፥ ልጁ ወደ ቤት በተመለሰ ቍጥር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዛሬስ ስንት ሰዓት ሞላህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የትምህርቱ ዋጋ የሚከፈለው በሰዓት ነውና ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ቍጥሩን ቢከታተል ይገባዋል። በአሜሪካ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የሚፈለገው ሰዓት እጅግ የበዛ ስለሆነ፥ የወላጆች ጭንቀት በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር የበረራ ሰዓት እንዴት እንደሚቈጠርና ቍጥሩም ምን ያህል እንደሚመሰክር ለቤተ ሰብ ጥቂት ለመግለጽ አስበናል።

በመጀመሪያ፥ የበረራ ሰዓት ማለት ተማሪው በበረራ ትምህርት ቤት የዋለበት ሰዓት አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሰዓቱ የሚጀምረው አይሮፕላኑ ለመብረር ሲል በገዛ ኃይሉ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንሥቶ ነው፤ የሚያበቃውም ካረፈ በኋላ ፈጽሞ በቆመ ጊዜ ነው። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ሳይሆን ሰዓቱ ለዐሥር ተከፍሎ ነው፤ 6 ደቂቃ 0.1 ተብሎ ይገባል። እንግዲህ 1.2 የተባለው 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ እንጂ 1 ሰዓት ከ20 አይደለም። ይህን ያላወቀ ወላጅ ልጁን ያለ በደሉ ሊጠረጥረው ይችላል። በየመሥመሩም ቀኑ፥ የአይሮፕላኑ ዓይነትና መለያው፥ የተነሣበትና ያረፈበት ስፍራ፥ በረራው በቀን ወይም በሌሊት፥ ከአስተማሪ ጋር ወይም ብቻ መሆኑ ይሞላል።

ለግል አብራሪነት ፈቃድ ሕጉ በተለመደው መንገድ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ ብዙዎች ግን በ40 አይጨርሱም። ከዚህ ውስጥ 20ው ከአስተማሪ ጋር፥ 10ሩ ተማሪው ብቻውን ሆኖ የሚበርበት ነው። 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን አይበርም፤ 17 ሳይሞላውም ፈቃዱን አይቀበልም። ብቻውን ከሚያደርጋቸው በረራዎች አንዱ ጠቅላላ ርቀቱ 150 የባሕር ማይል፥ ማለት 278 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሆኖ በሦስት ስፍራ ማረፍ ያለበት ጕዞ ነው። በዚያ ቀን ነፋሱን የሚያሰላው፥ ነዳጁን የሚለካው ተማሪው ራሱ ነው፤ ደመናው ዝቅ ቢልበት «ልመለስ ወይስ ልቀጥል?» ብሎ የሚያማክረው ሰው በአጠገቡ የለም። የሚገርመው፥ ይህ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ሲሰፍር የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ቍጥር ብቻ ይሆናል። በሌላ ቀን በለመደው ሜዳ ዙሪያ ሲመላለስ የቈየበትም ሰዓት በዚያው ዓምድ፥ በዚያው መልክ ይጻፋል፤ ድምሩም ሁለቱን አይለይም።

ደመወዝ እየተቀበሉ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ በተለመደው መንገድ 250 ሰዓት ይፈልጋል። በትልልቆቹ የመንገደኞች አየር መንገዶች ዘንድ ለመቀጠር ግን 1500 ሰዓት ግድ ነው፤ በውትድርና አብራሪ ለነበረ 750፥ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ለተቀበለ 1000 ሊበቃው ይችላል። ይህ ሕግ የመጣው ከሐዘን ነው። በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ወድቆ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾቹ ቤተ ሰቦች በምክር ቤቱ ደጅ ብዙ ጠኑ፤ ሕጉ በ2010 ወጣ፥ የ1500 ሰዓቱም ደንብ በ2013 ተፈጻሚ ሆነ። ይሁን እንጂ የዚያ አይሮፕላን ዋና አብራሪ ከ3000፥ ረዳቱም ከ2000 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት ጥፋቱ የመጣው፥ አይሮፕላኑ ፍጥነቱ እንደ ጐደለ መሪው እየተንቀጠቀጠ ሲያስጠነቅቅ፥ ዋናው አብራሪ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ኋላ በመሳቡ ነው። ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ከሺህ የሚበልጠው ሰዓት የዚያችን ቅጽበት መልስ አላስተማረም።

በኛም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ በውጭ አገር የረዳት አብራሪውን 361 ሰዓት እየጠቀሱ ብዙ የተናገሩ ነበሩ። ቍጥሩ ለአሜሪካኖች ጆሮ ያነሰ ቢሆንም፥ በዓለም አቀፍ ደንብ የንግድ ፈቃድ በ200፥ በተፈቀደ የተሟላ ትምህርት ደግሞ በ150 ሰዓት ይሰጣል፤ ዋናው አብራሪም ከ8000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበረ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት፥ ከተበላሸ መለኪያ የመጣለትን ሐሰተኛ ቍጥር አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ምክንያት አድርጎታል። በአንዳንድ ነጥብ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የተለየ አስተያየት ጨምረዋል።

ከ250 እስከ 1500 ያለው መንገድ ለወጣቱ ረጅም ነው። አንዱ ማስታወቂያ የተጻፈበትን ጨርቅ በሰማይ ይጐትታል፤ ሌላው በጃንጥላ የሚወርዱትን ሰዎች ያወጣል፤ ብዙዎቹ ግን አስተማሪ ይሆናሉ። አስተማሪና ተማሪ ያንኑ አንድ ሰዓት ሁለቱም በየመዝገባቸው ይጽፉታል፥ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። ፈተናው የሚመጣው በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው፤ መዝገቡን የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ነውና። ፒ 51 የተባለ ስመ ጥር የጦር አይሮፕላን ነበረ፤ ፓርከር 51 የተባለም ስመ ጥር ብዕር ነበረ። አብራሪዎቹ ያልተበረረውን ሰዓት «በፓርከር 51 የተበረረ» እያሉ የሚቀልዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ቀልዱ ቢያስቅም ሕጉ አይስቅም፤ ሆን ብሎ ሐሰት የጻፈ ሰው ያሉትን ፈቃዶች ሁሉ ሊነጠቅ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያልተያዘው ነው፤ በብዕር የተሞላውን የሌሊት ሰዓት አምኖ የሚቀጥረው ሰው በእውነተኛ ሌሊት ከእውነተኛ መንገደኞች ጋር ይልከዋልና።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ልጁን በቍጥር አታስቸኵሉት፤ «የጓደኛህ ልክ መቼ ትደርሳለህ?» የሚለውን ቃል ተዉት። ይልቁንስ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መዝገቡን አምጣ በሉትና አንዱን መሥመር መርጣችሁ በዚያ ቀን የሆነውን እንዲተርክላችሁ ጠይቁት። ነፋሱ ከየት ነበረ? ለማረፍ ተቃርበህ ተመልሰህ የወጣኸው ለምንድር ነው? የሚያስፈራውን ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ቤት ካገኘ መዝገቡን ለማሳመር ምክንያት አይኖረውም። የአየሩ ጠባይ ከፍቶ ሳይበር ለተመለሰበትም ቀን እንደ በረረ አድርጋችሁ እራቱን አቅርቡለት፤ ያ ቀን በመዝገቡ የሚገባበት ዓምድ የለውምና።

መዝገቡ ከወረቀት የተሠራ ከሆነ አንድ ገጽ በሞላ ቍጥር ፎቶግራፍ እያነሣችሁ በሌላ ስፍራ አኑሩለት። መዝገቡ የጠፋበት ተማሪ ሰዓቱን ከትምህርት ቤቱ ሰነድ፥ ከአስተማሪው መዝገብና ከክፍያ ደረሰኝ እየለቀመ እንደገና ማስረዳት ይኖርበታል፤ ደረሰኙን የሚያስቀምጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ አባት ነው።