ረቂቅ ሳለ የሚሰማ ሂስ



«ሂስ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ነቀፋ ነው። ቃሉ መጥፎ ትዝታ አለበት። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ»፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ግምገማ» እየተባለ ሰው በስብሰባ መሐል የሚዋረድበት ጊዜ ስለነበረ፣ ወላጆቻችን ሲሰሙት ፊታቸው ቢጠቁር አይፈረድባቸውም። ግን ሥራን መመርመርና ሰውን መክሰስ አንድ አይደሉም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የሶዶ ታሪክ ይበቃናል።

በ1992 ዓ.ም. በያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት መጡ። ስሙ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ነው፤ ቋንቋውም እንደዚያው ከአራቱ ተቀላቅሎ የተሠራ። የአራቱ ሕዝቦች ንግግር ስለሚቀራረብ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ይበቃል ተባለ። በወረቀት ላይ እኛን የምህንድስና ተማሪዎችን የሚያጓጓ ስሌት ነው! ልጁ ግን እቤቱ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል «የአፍ መፍቻ ቋንቋህ ነው» ተብሎ ሊማር ነው። መምህራን ይህን ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም፤ ይልቁንም ከቦታቸው የተዛወሩና የታሰሩ ነበሩ። በኅዳር ወር ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጻሕፍቱም ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ተቃውሞው የማንነት ጥያቄም እንደነበረ እናውቃለን። የመምህራኑ ቃል ግን በትክክል ሂስ ነበር፤ ይህ ጽሑፍ ለማን ተጻፈ፣ አንባቢውስ ይረዳዋል ወይ የሚል። ረቂቁ ላይ ቢሰማ ኖሮ ዋጋው ጥቂት ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ግንባታ ላይም ፌሮው የሚታየው ኮንክሪት ሳይሞላ ነው፤ ከተሞላ በኋላ ያለው ምርጫ ማፍረስ ነው።

ሂስ ሁልጊዜ ጉድለት ፍለጋ ነው ማለት ግን አይደለም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ ከበደኝ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ከታላላቆቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች ተርታ የሚያሰልፉት ሐያስያን ጥቂት አይደሉም። እዚህ ላይ ሐያሲው ያገዘው አንባቢውን ነው።

መድረሳ የተቀመጥን ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ምሳሌ አለን። የሐዲስ ሊቃውንት ራዊዎችን የሚመዝኑበት ዕውቀት «አል-ጀርሕ ወት-ተዕዲል» ይባላል፤ ማቁሰልና ማጽደቅ እንደማለት ነው። ሚዛኑ የራዊው ታማኝነትና የአያያዙ ጥንካሬ ነው፤ ሀብቱና ዘሩ አይገቡበትም። ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ ስለ ገዛ አባታቸው ተጠይቀው ደካማ ራዊ መሆናቸውን ተናግረዋል። ይህን ሐሜት ያለው የለም፤ በግልጽ፣ ለሚያስፈልገው ጉዳይ፣ በሚያስፈልገው ልክ የተነገረ ነውና። ዶርም ውስጥ ተሰብስቦ የኡስታዙን አነጋገር እየቀዱ መሳቅ ግን ስሙን ስንቀይርለት ሂስ አይሆንም።

ስለዚህ ለጀማዓችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ለሚቀጥለው እትም የሚመጣ ጽሑፍ ሁሉ አስቀድሞ ከጸሐፊው የትምህርት ክፍል ውጭ ላለ አንድ አንባቢ ይሰጥ፤ ያልገባውን ቦታ አስምሮበት፣ ከሥሩ ስሙን ጽፎ ይመልሰው።