ፈውስና ምርጫ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1978 በእንግሊዝ አገር፣ በኦልድሃም ከተማ፣ ሉዊዝ ብራውን የተባለች ሕፃን ተወለደች። እናቷ የማኅፀኗ ቱቦ በመዘጋቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ ስትናፍቅ የኖረች ሴት ነበረች። ሮበርት ኤድዋርድስና ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባሉ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር የእናቲቱን እንቁላልና የባሏን ዘር ከማኅፀን ውጭ አዋሕደው፣ ጽንሱን በማኅፀኗ አኖሩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህ ጥበብ ፈውስ ነው ወይስ በፈጣሪ ሥራ መግባት የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኖችን ሲያከራክር ኖሯል።

በመሠረቱ የልጅ ናፍቆት በመጽሐፍ ቅዱስ ዘንድ እንግዳ አይደለም። ሳራ እስከ እርጅናዋ ጠበቀች፤ ራሔል በእኅቷ ቀናች፤ ሐና በጣውንቷ ነገር ቆስላ በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰች። ሦስቱም በመጨረሻ ልጅ ታቅፈዋል። ክርስቶስም ወደ እርሱ የመጡትን ድውያን ፈወሰ እንጂ፣ ዕጣችሁ ነውና ተሸከሙት ብሎ አላሰናበታቸውም። ስለዚህ የተዘጋውን የሚከፍት የሐኪም እጅ በራሱ የሚነቀፍ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የግቡ መልካምነት ብቻውን መንገዱን ሁሉ መልካም አያደርገውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ትምህርት ይህን ዘዴ ነቅፋለች፤ አንድም ጽንሰትን ከባልና ሚስት አንድነት ስለሚለይ፣ አንድም ወደ ማኅፀን ያልገቡት ጽንሶች ስለሚጠፉ ነው። ከፕሮቴስታንቶች መካከል በጋብቻ ውስጥ እስከ ሆነ ድረስ የሚቀበሉት አሉ። በመጀመሪያው ነጥብ መለያየት ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን ለሁሉም ሊከብድ ይገባል። ከሚያስፈልገው በላይ ጽንስ አዘጋጅቶ ትርፉን መጣል የሰውን ሕይወት ጅማሬ እንደ ዕቃ መቁጠር ነውና።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ዘረመልን ወደ መለወጥ ሲደረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ፣ ገና በጽንስነታቸው ዘረመላቸው የተለወጠ መንትያ ሴቶች ልጆች መወለዳቸውን ገለጠ። ዓላማው ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ለመከላከል መሆኑን ተናገረ፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ሕሙማን አልነበሩም፤ ለውጡም ለልጅ ልጆቻቸው ሊተላለፍ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ፈረደበት። በአንጻሩ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የፈቀደችው ሕክምና፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ወደ ማጭድ ቅርጽ የሚለውጠውን የዘር በሽታ ለማከም የበሽተኛውን የራሱን ደም አመንጪ ሕዋሳት አውጥቶ፣ አርሞ፣ መልሶ የሚሰጥ ነው። በዚህኛው ታማሚው ራሱ ይፈቅዳል፤ ለውጡም በእርሱ ያበቃል።

እንግዲህ የክርስቲያን ሚዛን የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የታመመውን መፈወስ የፍቅር ሥራ ነው፤ ያልተወለደውን እንደ ልብስ ለክቶ ማሰፋት ግን ልጅን ከስጦታነት ወደ ሸቀጥነት ያወርደዋል። ወላጅ መልክና ጾታ መርጦ ማዘዝ ከለመደ፣ ከትእዛዙ ጎድሎ የተገኘው ልጅ በምን ዓይን ይታይ ይሆን?

ሚዛኑ ግን በዘዴው ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይነሣም። ሉዊዝ በተወለደች ጊዜ ካርዲናል አልቢኖ ሉቺያኒ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀዳማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ተብለው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት፣ ዘዴውን ቢጠራጠሩም ለሕፃኗ መልካም ተመኙ፤ ወላጆቿንም ከመኰነን ተቈጠቡ። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ የተወለደ ልጅ ሙሉ ሰው ነው።