ኳሱን የሚያከፋፍለው ማን ይሁን?

በግቢያችን የሽመልስ በቀለ ነገር ሲነሣ ጓደኞቻችን ሁለት ይከፈላሉ፤ ለሮቤ ብርድ የሚበጅ ክርክር ነው። እኛ ከአድናቂዎቹ ወገን ነን። የሐዋሳው ልጅ ኳስ ሳይደርሰው ቀና ብሎ ያያል፤ በሁለት ተከላካዮች መካከል ያለችውን ቀዳዳ የሚያገኛትም ስለዚህ ነው። ግብፅ ተሻግሮ በፔትሮጀት መጫወቱ ይህንኑ ይመሰክራል።

ነገር ግን አድናቆት ዓይን አይጋርድብን። በጥር 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ፣ በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው እንኳ ከባለዋንጫዋ ዛምቢያ 1 ለ 1 ተለያዩ። ወዲያው በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፉ። በ2014 ዓ.ም. ከካሜሩን ይዘው የተመለሱትም ያችኑ አንድ ነጥብ ነው። አጭር ቅብብል የሚያምረው ሁለተኛ አከፋፋይ ሲኖር ነው፤ ያለዚያ አንዱ ከታሰረ ቡድኑ ሁሉ ይታሰራል።

ተተኪው ከወዴት ይምጣ? ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው ሜዳ ነፋሱ ረዥሙን ኳስ ስለሚወስድባቸው ልጆቹ በአጭሩ መቀባበልን ያለ አሠልጣኝ ለምደውታል። መልማይ ሲመጣ ግን አላየንም። እስከዚያው የግቢያችን ቡድን እንኳ ሁለት አከፋፋይ ያሰልፍ ብለን ጠይቀን ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት የተሰለፈው አሁንም አንድ ነው።