የሕንፃ እጥበት ዋጋ፤ የምንከፍለው ለውኃው ነው ወይስ ለከፍታው?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች ዳር ያሉ በርካታ ሕንፃዎች የውጪ ገጽታቸውን እንዲያድሱ፣ ቀለም እንዲቀቡና በመብራት እንዲያሸበርቁ ተደርገዋል። የተቀባ ግድግዳ ግን ካልታጠበ የበጋ አቧራና የክረምት ሻጋታ እየተፈራረቁበት ወደ ቀድሞ መልኩ መመለሱ አይቀርም። በመሆኑም ቀደም ሲል የትልልቅ ሆቴሎችና የባንኮች ጉዳይ ብቻ ይመስል የነበረው የውጪ ግድግዳ እጥበት፣ ዛሬ የኮንዶሚኒየምና የአፓርታማ ነዋሪዎች ማኅበራትም አጀንዳ እየሆነ ነው። ችግሩ ሥራው ሲስፋፋ የዋጋ አወጣጡ አብሮት አለመብሰሉ ነው።

የኮሚቴ አባል በሆንኩበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለአንድ ዓይነት ሥራ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ደርሶን ነበር። ከፍተኛው የዝቅተኛውን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሦስቱም የያዙት አንድ ጠቅላላ ድምር ብቻ ነው። በስብሰባው ላይ የተነሳው ጥያቄም “ውኃ ለመርጨት ይህን ያህል ብር?” የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ድምሩን መበተን ያስፈልጋል።

ለስሌት ያህል ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር የሆነ ጂ+4 ሕንፃ እንውሰድ። ዙሪያው 104 ሜትር ስለሆነ የሚታጠበው ግድግዳ 1,560 ካሬ ሜትር ይሆናል። መስኮቶቹን መቀነስ አያስፈልግም፤ መስታወቱም ይታጠባል፣ ያውም በበለጠ ጥንቃቄ። በደቂቃ 15 ሊትር የሚረጭ ማሽን በሰዓት 60 ካሬ ሜትር ያጥባል ብንል፣ ሥራው 26 የማሽን ሰዓትና 23,400 ሊትር ውኃ ይጠይቃል። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ ከአምስት ቀን አይበልጥም። እስከዚህ ድረስ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ትክክል ይመስላል።

ነገሩ የሚለወጠው ከመሬት ስንነሳ ነው። የምድር ቤቱን ግድግዳ አንድ ሰው ቆሞ ያጥበዋል። አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ተመሳሳይ ካሬ ሜትር ግን መወጣጫ ወይም በገመድ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። መወጣጫውን ማቆም፣ ማፍረስና ወደ ሌላኛው ጎን ማዛወር ከራሱ ከእጥበቱ የበለጠ ቀን ሊወስድ ይችላል። እንደ 40/60 ባሉት ረዣዥም ሕንፃዎች ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ከፍታ አንድ የካሬ ሜትር ዋጋ የሚያቀርብ ሰው፣ ወይ የታችኛውን አስወድዷል ወይ የላይኛውን አደጋ ሒሳብ ውስጥ አላስገባም።

ሁለተኛው የተረሳ ወጪ ውኃው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 23,400 ሊትር ከየት ይመጣል? ከነዋሪው ሮቶ ከተቀዳ ዋጋው የረከሰ የመሰለው ሥራ በነዋሪው ጥም የተከፈለ ነው። በቦቴ ከመጣ ደግሞ 10,000 ሊትር በሚይዝ መኪና ሦስት ምልልስ ይጠይቃል። ይህ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ጭቅጭቁ የሚጀመረው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ግድግዳው ራሱ ነው። ከ100 እስከ 150 ባር የሚገፋ ማሽን ለድንጋይና ለኮንክሪት ሊስማማ ይችላል። የብሎኬት ግድግዳ ላይ የተለሰነና ቀለም የተቀባ ገጽታ ላይ በቅርበት ከተተኮሰ ግን ቀለሙን ይልጣል፣ በስንጥቁ ገብቶ ልስኑን ያላላል። በመስታወት በተሸፈኑ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ ማሸጊያውን ሲሊኮን ይጎዳል። ጥንቃቄ የሚያደርግ ባለሙያ ግፊቱን ቀንሶ፣ ሻጋታውን በማጽጃ አለስልሶ ስለሚያጥብ ሥራው ይዘገያል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በጥድፊያ የታጠበው ሕንፃ ግን ማኅበሩን ለሁለተኛ ጊዜ ቀለም ያስገዛዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ማሽኑም፣ መለዋወጫውም፣ የደኅንነት ገመዱም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ስለሆነም ከዚያ በፊት በተከፈለ ዋጋ የዛሬውን ሥራ መመዘን አይቻልም። ዋጋው የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር አይጨምር አለመጠየቅም ሌላው የተለመደ ክፍተት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሕይወት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳትም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ቀን ሠራተኛ በቀጥታ ቀጥሮ አጣና ላይ የሚያወጣ ማኅበር ራሱ አሠሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል ማስተዳደር የማኅበሩ ኃላፊነት፣ ወጪውም የባለቤቶቹ የጋራ ሸክም ነው። አደጋ ቢደርስ ዕዳው በየበራችን ይንኳኳል ማለት ነው።

እንደኔ አስተያየት መፍትሔው ቀላል ነው። ማኅበራት ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ግድግዳቸውን ራሳቸው ይለኩ። ከዚያም ለሁሉም ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ቅጽ ሰጥተው እጥበቱን፣ መወጣጫውን፣ ውኃውን፣ የሠራተኛውን ኢንሹራንስና ታክሱን ለየብቻ ያስሞሉ። አሸናፊው ሙሉውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሕንፃው ጀርባ ጥቂት ካሬ ሜትር አጥቦ ያሳይ፤ ክፍያውም በየጎኑ በተጠናቀቀው ሥራ ልክ ይፈጸም። ሥራው ክረምቱ እንዳበቃ በመስከረምና በጥቅምት ቢሆን ደግሞ ሻጋታው ሳይደርቅ፣ የውኃ እጥረቱም ሳይበረታ ይደረስበታል።

እንዲህ ከተደረገ ከሦስቱ ዋጋዎች የቱ ውድ፣ የቱ ርካሽ እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የኢንሹራንሱን ሣጥን ባዶ ትቶ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ተወዳዳሪ፣ ቅናሹን የሚያገኘው ከሠራተኛው ሕይወት ላይ ቀንሶ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ይታያልና።